የጎደለውን መስመር የሞላችው ልጅ

«ሽማግሌው ካልወደዱትስ?» አለች እናትየዋ፣ በከንፈሮቿ መሃል የነከሰቻቸውን እስፒሎች ሳታወጣ።

«ካልወደዱት ይታረማላ እማዬ።»

«ከሥራ ያባርሩሻል።»

«ለምን ያባርሩኛል? የገጠሙት እሳቸው፣ የተረጎመው ሌላ ሰው። እኔ አንብቤ ነው የምመለሰው።»

«አንባቢውን ነው መጀመሪያ የሚያባርሩት። ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ጫፉ ተንጋደደብኝ።»

ልጅቷ በርጩማው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። የለበሰችው ነጭ ቀሚስ ገና እጅጌ አልወጣለትም። እናትየዋ ዕድሜዋን የጨረሰችው የሰው ሙሽራ ስታለብስ ነው፤ የገዛ ልጇን የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ ግን መርፌው ይወጋታል። ደም ጠብ ባለ ቁጥር የልጇን ዕድል ያቆሸሸች እየመሰላት ትደነግጣለች። ምን ታድርግ! ባሏ በግሪኮች መርከብ ላይ ወጥ ቤት ነበር። አንድ ጠዋት እየሳቀ ጉንጯን ስሟት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የተመለሰው ሻንጣው ብቻ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስልክ ሲጮህ ሞት፣ ዝናብ ሲያካፋ ጎርፍ ይታያታል።

አባትየው ለልጁ ትቶላት ያለፈው ግሪክኛን ነው። የመርከቡ ኩባንያ ለሠራተኞቹ ልጆች በከፈተው ትምህርት ቤት ተማረችው፤ ዛሬ በአንድ አሳታሚ ድርጅት አራሚ ሆና የምትተዳደርበትም እሱ ነው። ድርጅቱ ግጥም ሲያስተረጉም የማይጥሰው አንድ ደንብ አለው። ተርጓሚው ግሪክኛውን ወደ እንግሊዝኛ ያዞራል። አራሚዋ ደግሞ የግሪክኛውን ግጥም ጨርሶ ሳታይ፣ እንግሊዝኛውን ብቻ ይዛ ወደ ግሪክኛ ትመልሰውና ለገጣሚው ታነብለታለች። ዋናውን እንዳታይ የሚደረገው አውቃ ተርጓሚውን እንዳታግዝ ነው። በመንገድ የጠፋ ነገር ካለ ገጣሚው ያውቀዋል። የተጨመረም ካለ ያውቀዋል።

አሁን በእጇ ያሉት ግጥሞች አንድ ግሪካዊ ሽማግሌ ለሟች ሚስታቸው የጻፏቸው ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ተወልደው ያደጉ፣ ከእንግሊዝኛ በቀር የማያውቁ ናቸው። ሽማግሌው ደግሞ ሐኪም ተስፋ የቆረጠባቸው ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ከመክደናቸው በፊት የሚፈልጉት ነገር ቢኖር እነዚያ ልጆች አያታቸውን እንዲያውቋት ነው።

ልጅቷ ከግጥሞቹ ጋር ወራት ኖራለች። ከሰዓት በኋላ ከተርጓሚው ፊት ለፊት ትቀመጥና ያዞራቸውን መስመሮች በእንግሊዝኛ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብለታለች፤ የግጥሙን ምት በጆሮው እንዲሰማው። አሳታሚ ድርጅቱ የእናቱ ነው። ታይፒስቷ «ሐውልቱ» የሚል ስም አውጥታለታለች፣ ካላናገሩት አይናገርማ። ልጅቷ ስታነብ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ጨርሳ ቀና ስትል እሱ አንገቱን ይደፋል። ድምፄ አስጠልቶት ነው ትል ነበር። አንድ ቀን ደግሞ በእናቱ ቢሮ በር ስታልፍ ሰማችው። «ይቺን ልጅ ወደ ሌላ ክፍል አዛውሪልኝ። እሷ እያለች መሥራት አልቻልኩም» እያለ ነው። እናቱ የሚተካት ሰው የለም ብላ እምቢ አለችው።

በዚያው ሳምንት ‹ላግባሽ› ይላት ለነበረው ለጎረቤታቸው ለሒሳብ አስተማሪ እሺ አለችው። አስተማሪው ደግ ሰው ነው። ሳይጠሩት መጥቶ የእናቷን የስፌት መኪና ዘይት ይቀባል፤ እናቷን ሐኪም ቤት አድርሶ እስክትወጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ክፉ ቢሆን ኖሮ ጥላው መሄድ አይከብዳትም ነበር።

ቀሚሱ ወልቆ ሲታጠፍ፣ ልጅቷ የምታነባቸውን ገጾች ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበች። በግጥሞቹ ውስጥ ያለችው ሴት ቅንድቧ ጫፍ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። ልጅቷም አላት። መጀመሪያ ስታነበው እጇን ሰዳ ዳብሳዋለች። እንዲህ አድርጎ የሚያያት ሰው የነበራት ሴት ምንኛ ታድላለች! ብላ አሰበች፤ የሞተች ሴት ላይ እንዲህ መቅናቷ አሳፈራት።

* * *

ሽማግሌው በመስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጠበቋት። የመድኃኒት ጠርሙሶቹን ከትንሿ ጠረጴዛ ላይ አስነስተዋል፤ የሚስታቸው እንግዳ እንደመጣ ሁሉ።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። በይ አስተዋውቂኝ፤ በእንግሊዝ አገር እንዴት ሆና እንደተመለሰች ልያት።»

ልጅቷ እንግሊዝኛውን በዓይኗ እያየች በግሪክኛ ማንበብ ጀመረች።

«ስትስቅ፣ አፏን በመዳፏ ሸፍና፣
ሳህኖቹ በመደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ…»

«ቆይ» አሉ ሽማግሌው። «ማን ነው አፉን የሸፈነው?»

«እሳቸው ናቸው አባባ። ሚስትዎ።»

«ሚስቴ!» ሽማግሌው ሳቅ ከሳል ጋር ተቀላቅሎባቸው ደረታቸውን ያዙ። «ልጄ፣ የኔ ሚስት ስትስቅ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድብ ነበር። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው እንኳ አፏን ሸፍና አታውቅም። ከሸፈነችውማ ሳህኑ በምን ይንጫጫል? እሺ ይሁን፤ ቀጥይ።»

«ከመናገሯ በፊት ትንፋሿን ትይዛለች፣
ቃሉ እንዳይሰበርባት እንደምትሰጋ…»

«እሷ? ከመናገሯ በፊት? እሷ ሳትተነፍስ አይደል እንዴ የምትናገረው! እኔ ነበርኩ ትንፋሼን ይዤ ተራዬን የምጠብቀው።»

«አይ እንግዲህ አባባ፣ እኔ ያለውን ነው ያነበብኩት» አለች ልጅቷ። እናቷ ያለችው ሊደርስ ነው።

«አንቺን አይደለም የምቆጣው። ቀጥይ።»

«በቅንድቧ ጫፍ ባለችው ጠባሳ ላይ
የጠዋት ብርሃን ያርፋል…»

ሽማግሌው በዚህኛው አልሳቁም። ልጅቷ ይቅርታ ልትጠይቅ አሰበች፤ እንደ ልማዷም ከመናገሯ በፊት ትንፋሿን ያዘች።

ሽማግሌው አዩዋት።

«ቀና በይ እስቲ» አሏት ቀስ ብለው። «ወደ መስኮቱ ዙሪልኝ።»

ዞረች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ አረፈ።

«ሚስቴ ጠባሳ የላትም» አሉ። «ይህን የተረጎመው ልጅ ከማን ጋር ነው የሚሠራው?»

«ከኔ ጋር… ማለቴ፣ እኔ አነብለታለሁ። ሌላ ምንም የለም አባባ። እንዲያውም ይጠላኛል።»

«ይጠላሻል!» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ዕድሜ ልኬን አንዲት ሴት እያየሁ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ሌላ ሰው ሲያይ የማላውቅ መስሎሽ ነው?»

ልጅቷ ጠባሳዋን በጣቷ ዳሰሰች።

«ቆንጆ አድርጎ ነው የጻፈው» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ያሳዝናል። ግን የልጅ ልጆቼ አያታቸውን አያውቋትም፤ እኔ ስሄድ የሚነግራቸው የለም። ሚስቴን መልሱልኝ ልጄ። ሌላ ነገር አልጠይቃችሁም።»

«እንመልሳለን አባባ።»

ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። መንገድ ላይ ስትወጣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች እንደሆነ ታወቃት። ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ ቅናት፣ ለካ በራሷ ላይ ነበር! የሚሄደው ሰው፣ የቆመው አውቶቡስ፣ የተሰቀለው ልብስ ሁሉ እሷን ያየ መሰላት። ጥግ ላይ ስትደርስ ግን እጅጌ ያልወጣለት ነጭ ቀሚስ ትዝ አላት። ደስታው እዚያው ደርቆ ቀረ።

* * *

«ምነው ፊትሽ?» አለቻት ታይፒስቷ በሩ ላይ። «ሐውልቱ ተናገረ ልትይኝ እንዳይሆን!»

ልጅቷ ሳትመልስላት አልፋ ገባች። ተርጓሚው ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነው። ገጾቹን ፊቱ አስቀመጠች።

«ሽማግሌው ሚስቴ አይደለችም አሉ።»

«የቱ ጋ?»

«ሳቋ። ትንፋሿ። ጠባሳዋ።» በጣቷ ገጹ ላይ አሳየችው። «በግሪክኛው ውስጥ የሉም እንዴ?»

ተርጓሚው እርሳሱን አስቀመጠ። ፊቱ ደም የሌለው መሰለ። «የሉም» አለ።

«እኔን ከዚህ ክፍል እንዲያወጡልዎ እናትዎን ለምነው ነበር። በበሩ ሳልፍ ሰምቻለሁ። ‹እሷ እያለች መሥራት አልቻልኩም› ብለው።»

«እውነቴን ነበር፤ አልቻልኩም።» ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ሳይደፋ አያት። «የግሪክኛ ቃል ረጅም ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ያጥራል፤ መስመሩ ይጎድልብኛል። ምቱ እንዳይሰበር የሆነ ነገር መግባት አለበት። የሚሞላው ነገር ፍለጋ ቀና ስል አንቺ አለሽ። እያነበብሽ ነው፤ አታዪኝም። መጀመሪያ ሳላውቀው ነው የገባሽው። ሲገባኝ ላወጣሽ ሞከርኩ፤ አንድ መስመር ሳወጣሽ በሌላው ትገቢያለሽ። ከመጽሐፉ ማስወጣት ሲያቅተኝ ጊዜ ነው ከክፍሉ ትውጣልኝ ያልኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ብላው ነበር። ሁለቱም ሰሙት።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ድርጅቱ የእናቴ ነው። እንጀራሽ በእጃችን ነው። ወድጄሽ ሳይሆን አዝዤሽ እንዳይመስልሽ ፈራሁ። እምቢ ማለት ብትፈሪስ? እሺ ብትይኝ እንኳ ከልብሽ መሆኑን በምን አውቃለሁ? እርስዎ እያልሽ ነበር እኮ የምትጠሪኝ።»

«እኔ ደግሞ ቀና ባልኩ ቁጥር አንገትህን ስትደፋ የጠላኸኝ መስሎኝ…» መጨረስ አቃታት። «ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ገና አላገባሽም።»

«እሱ ምን አጠፋ?» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ማንም አያየኝም ባልኩበት ጊዜ አየኝ ብዬ ነው እሺ ያልኩት። አስገድዶኝ አይደለም። ለካ ታይቼ ነበር። ይሄ የሱ ጥፋት ነው? ጠዋት ጠዋት እናቴን ‹እንዴት አደሩ› ሊላት ነው በኛ በር የሚያልፈው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ የሰው ኮቴ ሰምታ የማትደነግጠው የሱን ብቻ ነው። አሁን ሄጄ ምን ልበለው? ግጥም ውስጥ አገኙኝ ልበለው?»

በሩ ማዶ የታይፒስቷ የጽሕፈት መኪና መምታቱን አቁሟል፤ ጆሮዋን አቁማ ይሆናል። ልጅቷ ዓይኗን ጠረገችና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤ እንደ ወትሮው ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ።

«ሽማግሌው ጊዜ የላቸውም» አለች። «እንሥራ።»

ሠሩ። እሷ የሚወጣውን መስመር ታነባለች፣ እሱ ይሰርዛል። አፏን የሸፈነችው እጅ ወጣች፤ በቦታዋ ግድግዳ የሚደበድበው ጎረቤት ገባ። የተያዘው ትንፋሽ ወጣ፤ ተራውን የሚጠብቀው ባል ገባ። ሽማግሌው እየሳቁ የነገሯትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችው፤ እሱም በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ቃሉን ይመዝናል፣ ይጥላል፣ ሌላ ያነሳል። መስመሮቹ እያማሩ ሄዱ። ከፊተኞቹ እንደሚበልጡ ሁለቱም ያውቁታል፤ አንዳቸውም አልተናገሩትም። አስከሬን እንደሚያጥቡ ሰዎች ቀስ ብለው፣ ሳይተያዩ ሠሩ።

ጠባሳዋ ላይ ሲደርሱ እርሳሱ ቆመ።

«ይቺን ብቻ ተይልኝ» አለ።

«አይሆንም።»

«አንዲት መስመር ናት። ሽማግሌው እንግሊዝኛ አያውቁም፤ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ። ስትደርሺባት ዝለያት። ሰው አይጎዳም። አንቺ በሰው ቤት፣ እኔ እዚህ፤ የሆነ ቦታ አንድ ላይ እንሁን።»

ልጅቷ ወደ ገጹ አየች። እሷን የሚመስል ነገር በዓለም ላይ ተጽፎ አያውቅም፤ ከእንግዲህም የሚጽፍላት የለም። አስተማሪው የስፌት መኪና ዘይት ይቀባል እንጂ ጠባሳዋን አንድ ቀን እንኳ አይቶ «ከምን ነው?» ብሏት አያውቅም። አትሰርዝ አላለችውም። ሰርዝም አላለችውም። ገጾቹን ሰብስባ ደረቷ ላይ አጥብቃ ወጣች፤ የራሷ ያልሆነ ልጅ አቅፋ እንደምትሸሽ ሴት እየፈራች።

* * *

ሽማግሌው በዚህ ጊዜ ወንበራቸው ላይ አልነበሩም። አልጋቸው ላይ ተንጋለዋል፤ እጃቸው በአንሶላው ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ቀሏል። በሩን የከፈተችላት አስታማሚ «ብዙ አታናግሪያቸው» ብላ ትታቸው ወጣች።

«መጣሽ ልጄ? ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ አባባ።»

«በይ እንግዲህ።»

አነበበች። ሳህኖቹ ሲንጫጩና ጎረቤቱ ግድግዳውን ሲደበድብ የሽማግሌው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ባልየው ተራውን ሲጠብቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው ላይ የመጣው ነገር ሳቅ አይደለም፤ በደረጃ ላይ የሚያውቀውን ኮቴ የሰማ ሰው ፊት ነበር። ያ ኮቴ ክፍሉ ድረስ እስኪገባ እንኳ መተንፈስ የፈሩ መሰሉ።

ከዚያ ጠባሳዋ መጣች።

ልጅቷ መስመሩን አየችው። ዘልላው ወደሚቀጥለው ብትሄድ ሽማግሌው አያውቁም። መጽሐፉ ይታተማል። እሷ በዚያች አንዲት መስመር ውስጥ፣ የማንም ሚስት ሳትሆን፣ ብርሃን ቅንድቧ ላይ አርፎ ትኖራለች። የልጅ ልጆቹም አያታችን ጠባሳ ነበራት ይላሉ፤ ሲያድጉ ለልጆቻቸው ይነግራሉ። የዚያች ጥርሰ ወላቃ፣ ሳቋ ግድግዳ የሚያስደበድብ ሴት ፊት ለዘለዓለም የሌላ ሰው ይሆናል።

«ምነው ቆምሽ?» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ቦርሳዋን ከፍታ እርሳስ አወጣች።

«አባባ፣ እዚህ ጋ መስመር ጎድሏል» አለች። «የጠዋት ብርሃን ያርፋል ይላል። የት ነበር የሚያርፈው?»

«ክንዷ ላይ ነዋ!» ሽማግሌው እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። «ልብስ ስታጥብ እጅጌዋን ትሰበስባለች። አረፋው እስከ ክርኗ ይደርሳል። ብርሃኑ አረፋው ላይ ያርፍና እያንዳንዷ እንክብል ቀለም አላት… እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ እሷ ‹ተነስና ውሃ አምጣ፣ ምን ትጎለታለህ!› ትለኛለች።»

ልጅቷ ጠባሳዋን ሰረዘች። በላዩ ላይ በእንግሊዝኛ «አረፋው ላይ፣ እስከ ክርኗ» ብላ ጻፈች። እንደ ተርጓሚው በጣቷ መታችው። አጥሯል፤ ምቱ አይሞላም፣ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ቀርቷል። የሚሞላው ነገር ፈለገች፤ ሌላ ግን አላስገባችበትም። እንዲሁ ተወችው።

በግሪክኛ አነበበችላቸው።

ሽማግሌው አለቀሱ። ድምፅ አልነበረውም፤ እንባው ከዓይናቸው ጥግ ወደ ጆሮአቸው እየወረደ ትራሱን አራሰው። «መጣች» አሉ። «እሷ ናት። አሁን ያውቋታል።»

ልጅቷ እጃቸውን ያዘች። ደስ ብሏታል፤ ለእሳቸው ከልቧ ደስ ብሏታል። ውስጧ ግን ዕቃው ወጥቶ እንዳለቀ ቤት ባዶ ሆኖ፣ የራሷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማታል። ተርጓሚው ነገ ገጹን ሲገልጥ ምን እንደሚያይ አሰበች። እሱም አንድ ቃል አይናገርም፣ አጭሩን መስመር ግን አይሞላውም። ያን ያህል ታውቀዋለች። ከዚህ በላይ የምታውቅበት ቀን አይመጣም።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ያቺ ልጅስ?» አሉ። «ጠባሳ ያላት። የት አደረጋችኋት?»

«ስህተት ነበረች አባባ። አወጣናት።»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ የያዘችውን እጃቸውን አዙረው የእሷን እጅ ከላይ ሸፈኑት።

«እኔስ» አሉ፣ «ስህተት አልመሰለችኝም ነበር።»

ልጅቷ ለመሄድ ገጾቹን በቅደም ተከተል ልታስተካክል አጎነበሰች። ቁጥሮቹ አልታይ አሏት።